አንዱ ዶላር ሁለት ሲሆን

 

አንድ ጥያቄ ላቅርብላችሁ። መቶ ብር ሰደቃ ልትሰጡ እጃችሁን ወደ ኪሳችሁ ስትሰዱ አሠሪያችሁ አጠገባችሁ ቆሞ «እናንተ የሰጣችሁትን ያህል እኔም እጨምራለሁ» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ደስ እንደምትሰኙ አልጠራጠርም። «አስቀድማችሁ ግን ገንዘቡ ከራሳችሁ ኪስ የወጣ መሆኑን ፈርሙልኝ» ቢላችሁስ? የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው። እኔን ሦስት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ሁለተኛው ነው።

ነገሩ በአገር ቤት ላለው አንባቢ እንግዳ ሊሆን ስለሚችል ከሥሩ ልጀምር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1954 ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው ኩባንያ ሠራተኞቹ ለተማሩባቸው ኮሌጆች የሚሰጡትን ስጦታ በእኩል መጠን ሊጨምርበት ወሰነ። አሠራሩ ተስፋፍቶ ዛሬ ብዙ ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸው ለሰብአዊ እርዳታ ድርጅቶች በሚሰጡት ላይም ይጨምራሉ። «ማቺንግ» ይሉታል። ሠራተኛው ከኪሱ ወይም ከደመወዙ ላይ አስቆርጦ ይሰጣል፤ ቅጽ ይሞላል፤ እርዳታ ድርጅቱ «አዎን፣ ይህ ሰው ይህን ያህል ሰጥቶናል» ብሎ ያረጋግጣል፤ ከዚያ ኩባንያው ያንኑ ያህል ይልካል። ለአንድ ሰው በዓመት ከዚህ አይለፍ የሚል ጣሪያ አለው። ቅጹም ቀን አለው፤ ቀኑ ካለፈ ገንዘቡ ቀረ ማለት ነው። ለመስጂድ ግንባታና ለአምልኮ የሚውል ገንዘብ በአብዛኞቹ ዘንድ አይካተትም፤ ለተራበ ሰው እህል፣ ለተጠማ ውሃ የሚውል ግን ይካተታል።

ደመወዝ ላይ ማስቆረጥ ራሱ የቆየ ነገር ነው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1961 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዘመን መልክ በያዘው ዘመቻ በየዓመቱ ይለግሳሉ። በእንግሊዝም ሕጉ ከ1987 ጀምሮ ይፈቅደዋል። እኛም ብንሆን በ2003 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲጀመር የወር ደመወዙን በየወሩ እያስቆረጠ ቦንድ የገዛ ዘመድ የሌለን ጥቂት ነን። ቦንድ ብድር እንጂ ሰደቃ አይደለም፤ ነገር ግን ገንዘብ እጅ ሳይነካ ከደመወዝ ላይ ሲሄድ ምን እንደሚመስል ያስታውሰናል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወንድሞች «እጄ ያልነካው ገንዘብ እንዴት ሰደቃ ይሆናል? ኒያውስ የት አለ?» ይሉኛል። ኒያው ቅጹ ላይ በተፈረመ ጊዜ ተነይቷል ባይ ነኝ። ይሁንና ሰው ረሺ ነው። በጥር የፈረመው በሰኔ ትዝ አይለውም። አንዲት እህታችን የደመወዝ ወረቀቷ በመጣ ቁጥር ያቺን መስመር በጣቷ እየነካች «ያ አላህ፣ ላንተ ብዬ ነው» እንደምትል ነግራኛለች። ከሰማሁ ወዲህ እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ።

ይህን ሁሉ የምጽፍላችሁ ከዳር ቆሜ አይደለም። በምኖርበት በቨርጂኒያ በአንድ የሰብአዊ እርዳታ ድርጅት ቢሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ አገለግላለሁ። ሥራዬ እነዚህን የማቺንግ ቅጾች መያዝ ነው። ከኩባንያዎቹ የሚመጣውን ጥያቄ ከደረሰኝ ጋር አመሳክሬ «ተረጋግጧል» የምለው እኔ ነኝ። ትንሽ ሥራ ትመስላለች። እኔም ትንሽ ትመስለኝ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2022 ረመዳን ቦረናና የሶማሌ ክልል በድርቅ ተመትተው ነበር። ዝናቡ ወቅት እየጠበቀ በተከታታይ ቀርቶ ከብቱ በየመንገዱ ወድቋል። ከኢፍጣር በኋላ አሥራ ሁለት የምንሆን የአንድ ጀመዓ ሰዎች እያንዳንዳችን መቶ ዶላር ለማዋጣት ተስማማን። 1,200 ዶላር ማለት ነው። በዚህ መሐል አንድ ትልቅ የኮምፒውተር ኩባንያ ውስጥ የሚሠራ ወጣት ወንድማችን ፊቱ በርቶ ተነሣ።

«ጀመዓ፣ ሁላችሁም ብራችሁን ለእኔ ስጡኝ። እኔ በካርዴ በስሜ ልክፈለው። ኩባንያዬ እኩል ይጨምርበታል። 2,400 ይሆናል!»

ማሻአላህ ያላለ የለም። እኔም ብያለሁ። ወዲያው ግን ቅዳሜ ጠዋት የሚመጣልኝ ወረቀት ታወሰኝ። በዚያ ወረቀት ላይ ሠራተኛው «ይህ ስጦታ ከግል ገንዘቤ የተሰጠ ነው፤ ከሌላ ሰው አልሰበሰብኩትም» ብሎ ይፈርማል። ከሥሩ ደግሞ የእኔ ማረጋገጫ አለ። አሥራ ሁለት ሰው እንዳዋጣው በዓይኔ እያየሁ ነው።

ቀስ ብዬ ነገርኩት። ወንድማችን ተገረመ። «ማንን ጎዳን? ኩባንያው በቢሊዮን የሚያተርፍ ነው። አንድ ሺህ ዶላር ለእሱ ምንም አይደለም፤ ለቦረና ግን ውሃ ነው። አንተ ስለ ወረቀት ታወራለህ፣ እዚያ ሰው ይሞታል!»

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ንግግር ቀላል አድርጋችሁ አትዩት። እኔ መልስ አጥቼ ዝም ብዬ ነበር። የሰውን ጥም ከአንድ ፊርማ ጋር በሚዛን ቢያስቀምጡት የትኛው ይከብዳል? ስስታም የሆነ ሰው በ«አማና» ስም ሲሸሸግም አይቻለሁ። እውን የእኔስ ጥንቃቄ ለአላህ ብዬ ነው ወይስ ስሜ እንዳይነሳ ፈርቼ? እ.ኤ.አ. ከ2001 በኋላ በዚህ አገር አንዳንድ የሙስሊም በጎ አድራጎት ድርጅቶች ገንዘባቸው ታግዶ ሲዘጉ ያየ ሰው አንዲት የተሳሳተች ቅጽም ታስፈራዋለች። ፍርሃት ግን ሐቅን አይተካም። ስለዚህ ፍርሃቴን ወደ ጎን አድርጌ ነገሩን እንደገና ማሰብ ነበረብኝ።

ያሰበልን ግን ሌላ ሰው ነው። ደሴ ላይ እህል ይነግዱ የነበሩ፣ ልጃቸው ዘንድ መጥተው የሚኖሩ ሐጂ ከጥግ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። «ልጄ፣ እኔ ሠላሳ ዓመት ሚዛን ይዣለሁ» አሉት። «ከባለጠጋ እህል አጋድዬ ለሚስኪን ብሰጥ፣ ሚስኪኑ ይበላል፤ እውነት ነው። ሰደቃው ግን የማን ነው? የእኔ አይደል፣ እህሉ የእኔ አይደለማ። የባለጠጋውም አይደል፣ አልሰጠማ። እንግዲህ ባለቤት የሌለው ሰደቃ ሆነ።»

ከዚህ በላይ ያብራራልኝ መጽሐፍ አላገኘሁም። ኩባንያው ለድሃ ለመስጠት አልተገደደም። «ሠራተኛዬ ከራሱ ከቆረሰ እኔም እቆርሳለሁ» ብሎ ቃል ገብቷል። ቃሉ ቅድመ ሁኔታ አለው። ቅድመ ሁኔታውን አስመስለን ካሟላንለት ገንዘቡን በፈቃዱ ሰጠን ልንል አንችልም። የኩባንያው ትልቅነት ነገሩን አይለውጠውም። ከትልቅ ጎተራ የተወሰደ ቁና ያው ቁና ነው።

የእኔን ቦታ በተመለከተ ደግሞ አንድ ሐዲስ ትዝ ይለኛል። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ታማኝ ገንዘብ ያዥ ተናግረዋል፤ የታዘዘውን ሳያጎድል፣ በደስተኛ ልብ፣ ስጥ ለተባለው ሰው ያደረሰ ገንዘብ ያዥ ከሁለቱ ሰጪዎች እንደ አንዱ ይቆጠራል። የራሱን ሳንቲም ያላወጣ ሰው ሰጪ ተባለ! በየቢሮው ደረሰኝ የምትቆርጡ፣ መዝገብ የምትይዙ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ስትሰሙ ደስ አይላችሁምን? ነገር ግን ደረጃው የተሰጠው «ታማኝ» ለተባለው ነው። እኔ ያንን ቅጽ ብፈርም ኖሮ ከሁለቱ ሰጪዎች አንዱ ሳልሆን ከሁለቱ ዋሾዎች አንዱ እሆን ነበር።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ድርጅቱ የእራት ግብዣ አዘጋጅቶ ነበር። ቲኬቱ 100 ዶላር ነው፤ የቀረበው ምግብ 40 ዶላር ያወጣል። ስለዚህ ስጦታው 60 ብቻ ነው። ሕጉም ከ75 ዶላር በላይ የሚከፈልበትን እንዲህ ያለ ግብዣ ሲያዘጋጁ የምግቡን ዋጋ ለሰጪው በጽሑፍ ለይቶ መንገር ያስገድዳል። እኔ ግን ስቸኩል የአንድ ሰው ቲኬት 100 ብዬ አረጋገጥኩ፤ ኩባንያውም 100 ላከ። ስህተቱን ያየሁት ከወራት በኋላ ነው። ለ40 ዶላር ብዬ ኩባንያ መጻፍ አሳፈረኝ። ዝም ብል ማን ያውቃል? በመጨረሻ ጻፍኩ፤ ገንዘቡ ተመለሰ። ከዚያች ቀን ወዲህ የሆቴል ምግብ ዋጋ ሳልጠይቅ ቅጽ አልነካም፤ ባለቤቴ እንኳ ትስቅብኛለች።

ብዙ ጊዜ የሚጠየቅ አንድ ነገር አለ፤ እሱም ዘካ ነው። «ሺህ ዶላር ዘካ አለብኝ፤ አምስት መቶውን ብሰጥ ኩባንያው አምስት መቶ ይጨምርልኛል፤ ዘካዬ ሞላ ማለት አይደለምን?» አይደለም። ዘካ አላህ (ሱ.ወ) በአንተ ሀብት ላይ፣ ኒሳብ ከሞላና ዓመት ከዞረበት በኋላ፣ ከአርባ አንድ እጅ የወሰነው የሚስኪን ሐቅ ነው። ሌላ ሰው በአንተ ውክልና ቢከፍልልህ የሚወራበት ነገር አለ፤ ኩባንያው ግን የሚሰጠው በራሱ ስም፣ በራሱ ፈቃድ ነው። ዘካህን አላሰበም፤ ዘካ ምን እንደሆነም ላያውቅ ይችላል። ሺውን ሙሉ ስጥ። የተጨመረው ሺህ ለድሆች ተጨማሪ ኸይር ነው። በቢሮአችንም የኩባንያውን ገንዘብ በዘካ መዝገብ ላይ አናሰፍረውም፤ ለጠቅላላ እርዳታ እንይዘዋለን።

«የካፊር ኩባንያ ገንዘብ ለምን እንቀበላለን?» የሚልም አልጠፋም። እንዲህ ለሚል ሰው ሒልፈል ፉዱልን አስታውሰዋለሁ። ከየመን ዘቢድ የመጣ ነጋዴ መካ ውስጥ ሐቁን ሲነፈግ የቁረይሽ ሰዎች በዐብደላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው ለተበደለ ሁሉ ሊቆሙ ቃል ተጋቡ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ነቢይነት ሳይመጣላቸው በፊት በዚያ ቃል ኪዳን ተገኝተዋል። ኢስላም ከመጣ በኋላም ወደዚያ ዓይነት ነገር ቢጠሩ እሺ እንደሚሉ መናገራቸው በሲራ ተዘግቧል። መልካም ነገር ላይ ከሌላው ጋር መቆም አያሳፍርም። ያንን ሌላውን ማታለል ግን ያሳፍራል።

በስውር መስጠትን በተመለከተም አንድ ቃል ልበል። ቁርኣን በግልጽ የተሰጠውን ሰደቃ አላወገዘም፤ የተሰወረውን ግን አበለጠ። ማቺንግ ደግሞ ለአሠሪ ማሳወቅን ይጠይቃል። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛው ካልፈለገ ስሙን አያወጣም፤ አንዳንዱ ደግሞ በክፍሎች መካከል ውድድር አድርጎ ስም ይለጥፋል። ለግድግዳ ብሎ መስጠት የሚያሰጋው ሰው ከፊሉን ማንም በማያውቀው መንገድ ቢሰጥ መልካም ይመስለኛል። የማቺንጉ ዶላር እንዳይቀር ብሎ የሚስጥሯን ሰደቃ ጨርሶ መተው ግን ለእኔ ክሳራ ነው።

ወደዚያች የረመዳን ሌሊት ልመለስ። ወንድማችን ሐጂን ሰምቶ ዝም አለ። ተስማማ አልልም፤ ዝም አለ። ከዚያ «እንግዲያው ከራሴ 250 እሰጣለሁ» አለ። አሥራ አንዳችን መቶ መቶአችንን በየስማችን ከፈልን። ወደ ቤት ስንሄድ አንዲት በሆስፒታል የምትሠራ እህታችን «የእኔም መሥሪያ ቤት ይኖረው ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። ስድስት ዓመት ሠርታበታለች፤ ጠይቃ ግን አታውቅም ነበር። ሰኞ ዕለት የሰው ኃይል ክፍሉን ጠየቀች፤ ነበረው። የእሷ መቶ ሁለት መቶ ሆነ።

1,100 ከእኛ፣ 250 ከወንድማችን፣ 250 ከኩባንያው፣ 100 ከሆስፒታሉ፤ በድምሩ 1,700 ዶላር። የኩባንያው ገንዘብ የደረሰው በሦስተኛው ወር ነው። በመዝገቡ ላይ እያንዳንዱን በየመስመሩ ስጽፍ እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ሆኖም 1,700 ከ2,400 ያንሳል። ወንድማችን እስካሁን መስጂድ ላይ ሲያገኘኝ ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ፈገግ ብሎ «ያ 700 ዶላርስ?» ይለኛል። የምመልስለት የለኝም። በቀጣዩ ዓመት ረመዳን ከመግባቱ በፊት ግን በየቤቱ እየደወለ «መሥሪያ ቤታችሁ ማቺንግ አለው ወይ? ጠይቁ» ሲል የሰነበተው እሱ ነው።