አስቴር ጋኖና የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓና በአሜሪካ ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የጻፉ ሴቶች ጥቂት ባይሆኑም፣ ሥራቸው በሊቃውንቱ ዘንድ በአብዛኛው የሚቆጠረው እንደ ምርምር ሳይሆን እንደ ትምህርት መርጃ ወይም እንደ ትርጉም ብቻ ነበር። ግሬስ አጊላር በ1845 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የእስራኤልን ሴቶች ታሪክ ከአይሁድ እምነት አንጻር ጽፈው አሳተሙ። በኋላ ጆርጅ ኤልየት በሚለው የብዕር ስም የታወቁት ሜሪ አን ኢቫንስ ዳቪድ ስትራውስ ስለ ኢየሱስ ሕይወት የጻፉትን መጽሐፍ ከጀርመንኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በ1846 ሲያወጡ፣ የተርጓሚዋ ስም በመጽሐፉ ላይ አልሰፈረም። አሜሪካዊቷ ጁሊያ ስሚዝም መላውን መጽሐፍ ቅዱስ ብቻቸውን ተርጉመው በ1876 ያሳተሙት በራሳቸው ገንዘብ ነው። ከእነዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ቃሉን ከቋንቋ ወደ ቋንቋ የሚያሻግር ሰው የሃይማኖት ዕውቀት ባለቤት ነው ወይስ የሌላ ሰው ዕውቀት ተሸካሚ የሚል ነው።

ጥያቄው ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። በዛሬው ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ የምትገኘው የእንጦጦ ማርያም፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1889 ዘውድ የጫኑባት፣ እቴጌ ጣይቱ ብጡልም ከባላቸው ሞት በኋላ በአጠገቧ ኖረው በ1918 ያረፉባት ደብር ናት። እቴጌይቱ ማንበብና መጻፍ ከተማሩት የዘመኑ ጥቂት ሴቶች አንዷ ቢሆኑም፣ በስማቸው የሚታወቅ የመጻሕፍት ትርጓሜ የለም። ይህ ግን ከሴትነታቸው ብቻ የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ ምክንያቱም አንድምታ የሚባለው፣ ማለትም አንዱን ንባብ «አንድም» እያለ በተደራራቢ ፍች የሚያብራራው የአገሩ የትርጓሜ ስልት፣ ከመምህር ወደ ተማሪ በቃል ሲተላለፍ የኖረ ስለሆነ፣ ወንዶቹ መምህራንም ቢሆኑ በአብዛኛው ስማቸውን አላኖሩበትም። ልዩነቱ ያለው በመማሪያው መንገድ ላይ ነው። ከንባብ ቤት ተነሥቶ በዜማና በቅኔ ቤት አልፎ መጻሕፍት ቤት የሚደርሰው ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ ከደብር ደብር እየተሻገረ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ የሚያድር በመሆኑ፣ ሴት ልጅን ከጉባኤው ያስቀራት ከተጻፈ ቀኖና ይልቅ ይህ የኑሮ ሥርዓት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በጎጃም የቅኔ መምህርት የሆኑት ዓይነ ስውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔን የተማሩት ከአባታቸው ዘንድ መሆኑ ይህንኑ ያስረዳል፤ ጉባኤው ከቤት ሲሆን መሰናክሉ ይነሣልና።

በኢትዮጵያ ሴት ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ የሠራችው ጽሑፍ ለኅትመት የበቃው ግን ከዚህ ሥርዓት ውጭ፣ በኦሮምኛ ነው። አዲስ አበባ በእንጦጦ ግርጌ በተቆረቆረችበት በ1886፣ በሊሙ እናርያ በባርነት ኖረው ወደ ዓረብ አገር ሊሸጡ በመርከብ የተጫኑት ወጣቷ አስቴር ጋኖ በጣልያን የባሕር ኃይል ነፃ ወጥተው፣ ምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ይመልሱ የነበሩት ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነታቸው ከቤተሰባቸው ተነጥቀው የተሸጡ በመሆናቸው፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸውን አዋቂ ሰው በሚያውቀው ልክ አልተካኑበትም ነበር፤ አስቴር ግን በቋንቋው ውስጥ አድገዋል። ስለዚህ ወደ 15,000 የሚጠጉ ቃላትን ሰብስበው ለትርጉሙ መሠረት የሆነውን መዝገበ ቃላት አዘጋጁ፤ 500 ያህል ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖችንም ከቃል ወደ ጽሑፍ አሻገሩ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በ1894 በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ውስጥ ገብተዋል። የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ሲሆን፣ ይህ ፊደል ኦሮምኛ ትርጉም የሚለይባቸውን የድምፅ ጥብቀትና የአናባቢ ርዝመት ስለማያሳይ፣ የቋንቋው ባለቤት ያልሆነ ሰው በንባቡ መሳሳቱ አይቀርም ነበር።

ከኦኔሲሞስ ጋር የተረጎሙት ሌላው ሥራ ጀርመናዊው ክርስቲያን ጎትሎብ ባርት ያዘጋጁት የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ነው። መጽሐፉ ከብሉይ 52፣ ከሐዲስ 52 ታሪኮችን፣ ማለትም ለዓመቱ ሳምንታት ልክ የሆኑትን መርጦ የያዘ ሲሆን፣ ኦሮምኛው በ1899 ታትሞ ወጣ፤ መላው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስም በዚያው ዓመት በስዊዘርላንድ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። በወንድሞቹ የተሸጠውን የዮሴፍን ታሪክ ራሳቸው የተሸጡ ሰዎች መተርጎማቸው አንባቢን መንካቱ ባይቀርም፣ የአስቴርን ሥልጣን በመከራቸው ላይ ብቻ ማቆም ውለታቸውን ማሳነስ ይሆናል። ሥልጣናቸው ከዕውቀት የመጣ ነው፤ ኪዳን፣ ኃጢአትና ቤዛ በዚያ ቋንቋ በምን ቃል ቢጠሩ ሰሚው ይገባዋል የሚለውን የወሰነ ሰው፣ አንድምታው «አንድም» ብሎ እንደሚያመዛዝነው ሁሉ፣ ነገረ መለኮትን አመዛዝኗል። ጉለሌ ራሱ ስሙን የወረሰው በእንጦጦ ግርጌ ይኖር ከነበረው የኦሮሞ ጎሣ ነውና፣ ቋንቋው ለመናገሻዋ ደጅም ሩቅ አልነበረም።

አስቴር በ1904 ወደ ወለጋ ሄደው በነቀምቴ ማስተማር ጀመሩ፤ ያረፉትም በ1964 ነው። ትርጉሙ እስከ ዛሬ የሚጠራው በኦኔሲሞስ ስም ሲሆን፣ አስቴር በብዙ ቦታ የሚጠቀሱት በረዳትነት ነው። የኢትዮጵያን የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ታሪክ የሚጽፉ ሁሉ ይህን አርመው አስቴር ጋኖን ከተርጓሚዎች ተራ ሊያስገቡ ይገባል።