ጥይትና ደረሰኝ

የግድያ ልብ ወለድ በተለምዶ የሚያነሣው ጥያቄ «ገዳዩ ማን ነው?» የሚል ነው። ወንጀሉ የተፈጸመው በሠራተኛ ማኅበር ውስጥ ሲሆን ግን ከዚህ የከበደ ጥያቄ ይከተላል፤ የላብ አደሩን ገንዘብ በልቷል፣ ዓላማውንም ሸጧል የተባለ መሪ ያለ ፍርድ ቢገደል ለተበደለው ሠራተኛ ፍትሕ ተገኘ ማለት ነውን?

ለእንዲህ ያለው ድርሰት ድሬዳዋ የተመቸች መቼት ናት። ከተማይቱ በ1895 ዓ.ም. ከባቡር ሐዲዱ ጋር ተወለደች። የባቡሩ ሠራተኛ በአገሪቱ ቀድመው ከተደራጁት ወገኖች አንዱ ሲሆን፣ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ያካሄደው አድማ በኃይል ተደመሰሰ። የሠራተኛ ማኅበራት ሕጋዊ ዕውቅና ያገኙት ከዚያ በኋላ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። ስለሆነም ከደመወዝ የምትቆረጠው መዋጮ ገንዘብ ብቻ ሳትሆን አደራም ነበረች። አደራ በላ መሪ ከተራ ሌባ የሚከፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁንና የበደሉ ክብደት ዳኝነቱን ለጥይት አያስረክብም። በ1969 ዓ.ም. በቀድሞው የሠራተኞች አንድነት ማኅበር ምትክ መላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ቴዎድሮስ በቀለ በየካቲት ተገደሉ፤ የተተኪያቸው የተመስገን ማዴቦ ዕጣም ይኸው ሆነ። በተቃራኒው ወገን ከቀድሞው ማኅበር መሪዎች አንዱ የነበሩት ማርቆስ ሐጎስ በዚያው የደም ዘመን ሕይወታቸው ጠፋ። እያንዳንዱ ወገን ሌላውን «ሠራተኛውን የከዳ» ሲል ወነጀለ። ውንጀላው ግን በነጻ ችሎት ሳይመረመር ከሟቾቹ ጋር ተቀበረ።

ከዚህ የሚለይ ታሪክ በአሜሪካ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ተፈጽሟል። የማኅበሩን ፕሬዚዳንት ቶኒ ቦይልን በምርጫ የተፎካከሩትና ሙስናውን ያጋለጡት ጆሴፍ ያብሎንስኪ በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. ከባለቤታቸውና ከሴት ልጃቸው ጋር በቤታቸው ተገደሉ። ለነፍሰ ገዳዮቹ የተከፈለው 20,000 ዶላር ከራሱ ከማኅበሩ ካዝና የወጣ ነበር፤ ጡረተኛ ማዕድን ቆፋሪዎች ለሥራ የተከፈላቸው መስለው ቼክ ተቀብለው ጥሬ ገንዘቡን መልሰዋል። መርማሪዎች ይህን የገንዘብ ፈለግ ተከትለው ከቦይል ደረሱ። ቦይል በ1966 ዓ.ም. ተፈረደባቸው፤ የበላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ እንደገና እንዲታይ አዘዘ፤ በ1970 ዓ.ም. ዳግመኛ ጥፋተኛ ተባሉ። ችሎት ራሱን ሊያርም ይችላል፤ ጥይት ግን ይግባኝ አያውቅም።

ከሁለቱ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። ሌባው መሪ ቢተኩስ ከሳሹን ዝም ያሰኛል፤ በሌባው ላይ ቢተኮስ ደግሞ ተጠያቂው ይጠፋል። በሁለቱም መንገድ መዝገቡ ይዘጋል፤ መዋጮውን የከፈለው ሠራተኛ ገንዘቡ የት እንደ ደረሰ ሳያውቅ ይቀራል።

በመሆኑም ስለ ድሬዳዋ ሠራተኛ የሚጽፍ ደራሲ የበዳዩን ሬሳ የታሪኩ መፍትሔ አድርጎ ባያቀርብ መልካም ነው። የአንባቢ ቁጣ በደም ሊረካ ይችላል፤ የሠራተኛው መብት ግን በዚያ አይመለስም። የታሪኩ ፍጻሜ ሊሆን የሚገባው ሒሳቡ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት ሲነበብ፣ ተከሳሹም በሕይወት ቆሞ ሲመልስ ነው።