በወርቅ ገበታ የቀረበ የበረሃ ቅጠል

ለመሳለም ወደ ዮርዳኖስ የሚወርድ መንገደኛ፥ በኢያሪኮ ሜዳና በጨው ባሕር ዳርቻ፥ ቅጠሉ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል ቍጥቋጦ ያገኛል። የዕብራይስጥ ስሙ መሉዋሕ ነው፤ ይኸውም ጨው ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ሌላው ተክል በጨው ተቃጥሎ በሚቀርበት መሬት ይህ ይለመልማል፤ ሥሩ የሳበውን ጨው በቅጠሉ ላይ ባሉት እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶች ያጠራቅማልና። አመድ የመሰለውም ይኸው ነው። ግመልና ፍየል ይግጡታል፤ ሰውም ሲቸግረው ለጋውን ቀቅሎ ይበላዋል።

ጻድቁ ኢዮብ፥ በመጽሐፉ በ30ኛው ምዕራፍ፥ የሚዘብቱበትን ሰዎች ሲያቃልል፥ ከራብ የተነሣ ይህን የመሰለ ቅጠል የሚለቅሙ መሆናቸውን ያነሣባቸዋል። ቍስሉ ያናገረው ቃል ነውና ማንም አይፈርድበትም። ሆኖም ችግረኛ ስለሚበላው ነገር ይናቃልን? የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል።

ይህን ቍጥቋጦ የምትመገብ አንዲት የበረሃ አይጥ አለች። የቅጠሉን ጨዋማ ልባስ በጥርሷ ፍቃ ትጥልና የቀረውን ትበላለች። ሊቃውንት ከእነዚህ አይጦች ይዘው ለቤተ ሙከራ እንስሳት የሚሰጠውን የተለመደ መኖ ቢያበሏቸው የስኳር በሽታ ያዛቸው፤ አትክልት የተመገቡት ግን ደኅና ሆኑ። ነገሩ የታተመው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ነው። ከዚያ ወዲህ ቅጠሉን የስኳር መድኃኒት ለማድረግ የደከሙ አልታጡም። ነገር ግን ተራ አትክልት የበሉትም ካልታመሙ፥ ይህ ከቅጠሉ ፈዋሽነት ይልቅ የጥጋብን ጕዳት ያሳያል። ስለዚህ ስኳር ያለበት ተሳላሚ በቅጠል ተማምኖ የሐኪሙን መድኃኒት አይተው።

የድኻው ምግብ ነፍስንስ ይፈውሳልን? በአይሁድ ታልሙድ እንደ ተተረከው፥ ንጉሥ ያናይ በበረሃ ድል አድርጎ በተመለሰ ጊዜ ጠቢባኑን ሁሉ ለግብዣ ጠራ። አባቶቻችን ቤተ መቅደሱን ሲሠሩ በችግራቸው መሉዋሕ ይበሉ ነበርና እኛም ለመታሰቢያቸው እንብላ አላቸው። ቅጠሉም በወርቅ ገበታ ቀረበ፥ እነርሱም በሉ። በዚያው ግብዣ ላይ ግን ነገረኛ ሰው ተነሥቶ ንጉሡንና ጠቢባኑን አጣላ፤ ፍጻሜውም የጠቢባኑ መገደል ሆነ። በዘይትና በቅመም ያማረ የጾም ማዕድ ዙሪያ ሐሜት ሲነሣ የሰማ ሰው በዚህ ታሪክ አይደነቅም።

ያን ቅጠል ከበረሃ የለቀመው ማን እንደ ነበረ፥ ከገበታውም ቀርቦ እንደ ሆነ፥ ታሪኩ አይናገርም።