የበጋ እንግዳ

ሰው ተወልዶ ያደገበትን ምድር መውደዱ ማስረጃ የማያሻው እውነት ተደርጎ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ይህ ፍቅር የሚመዘነው በምንድን ነው? በናፍቆቱ ብርታት ነው ወይስ በሚቀበለው ኃላፊነት? ጥያቄው ጎልቶ የሚታየው አገሩን ጎብኝቶ ወደ ባሕር ማዶ ኑሮው በሚመለስ ሰው ላይ ነው።

በምዕራብ ወለጋ የምትገኘው የቢላ ተወላጅ የሆነና በሰሜን አውሮፓ የሚኖር ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ዘመዶቹ የሚመጣው በታኅሣሥና በጥር፣ በገናና በጥምቀት ሰሞን ነው። በዚያ ወቅት ሰማዩ የጠራ ነው፤ በዓለም ገበያ «ለቀምት» እየተባለ የሚታወቀው የወለጋ ቡና በየደጁ ተሰጥቶ ይታያል፤ ቤተ ዘመድም ይሰበሰባል። ፈቃዱ ሲያልቅ መንገደኛው ነቀምቴ ይደርሳል፤ ከዚያም 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ አዲስ አበባ ገብቶ በአውሮፕላን ይሳፈራል። በማግስቱ የሚቀበለው ስቶክሆልም ነው፤ በክረምቱ እምብርት የቀን ብርሃን ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ የሚቆይበት፣ ሰማዩ አመድ የመሰለ ከተማ። በሻንጣው ካለው ቡና በቀር የበጋውን ሽታ ይዞ የገባ ነገር የለም። ያን ጊዜ ልቡ ይፈርዳል፤ ያኛው አገር፣ ይህኛው ግዞት ነው ይላል።

ፍርዱ ግን ሚዛኑ የተዛባ ነው፤ የባዕዱን ክረምት ያነጻጸረው ከወለጋ በጋ ጋር ነውና። ወለጋም የራሷ ጨፍጋጋ ወራት አሏት። በሐምሌና በነሐሴ ጉም ኮረብታውን ሲሸፍን፣ የገጠሩ መንገድ በጭቃ ሲዘጋ፣ ጎተራው ሲራቆት፣ ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ስትወሰድ እንግዳው በስፍራው የለም። በጋን ብቻ የሚያውቅ ፍቅር የእንግዳ ፍቅር ነው።

እርግጥ መንገደኛውን መውቀስ ቀላል ነው። ብዙዎችን ያሰደዳቸው ችግር፣ ጦርነትና ፍርሃት ነው፤ ልመለስ ቢልም መንገዱ ለሁሉም ክፍት አይደለም። ልጆቹ የሚያድጉት በዚያ ጨፍጋጋ ከተማ ነው፤ ለእናቱ መድኃኒት፣ ለወንድሙ ልጅ ደብተር የሚልከውም በጨለማ ተነሥቶ ሠርቶ ካገኘው ደመወዝ ነው። ስለዚህ ያን ከተማ መርገም እንጀራን መርገም ይሆናል።

ሁለቱንም ክረምት ያወቁ ሰው በወለጋ ታሪክ ውስጥ አሉ። በልጅነታቸው ከኢሉባቦር ለባርነት ተወስደው እ.ኤ.አ. በ1870 በምጽዋ ነፃ የወጡት ኦኔሲሞስ ነሲብ፣ በስዊድን አምስት ዓመት ተማሩ። ወለጋ ለመግባት ያደረጉት የመጀመሪያው ሙከራ ቢከሽፍም አልተዉትም። መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉመው በ1899 አሳተሙ፤ ወለጋ የደረሱት በ1904 ነው። ክስና እገዳ ቢደርስባቸውም እስከ 1931፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ከነቀምቴ ሕዝብ ጋር ኖሩ። በስዊድን የቀሰሙት ትምህርት በወለጋ ክረምት ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ።

ሁሉም እንደ እሳቸው ተመልሶ ይኑር ማለት አይቻልም። ነገር ግን ሐምሌ ላይ ደውሎ ስለ ጎተራው፣ ስለ መንገዱና ስለ ሕመምተኛው የሚጠይቅ፣ ሲሆንለትም በዝናቡ ወራት የሚመጣ ሰው፣ በስቶክሆልም ቢኖርም ከቤተሰቡ አልተለየም። በየጥሩ መጥቶ የጠራውን ሰማይ ብቻ አድንቆ የሚመለስ ግን፣ ቢላ ላይ ቢወለድም እንግዳ ነው።