ሰው ለገዛ ነፍሱ ምስክር ሊሆን ይችላልን?

በአገራችን ልማድ ሁለት ሰዎች በመንገድ በተገናኙ ጊዜ አንዱ «እንደምን አለህ?» ሲል ሌላው «እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደኅና ነኝ» ይላል። ልጁ የሞተበትም፥ ዕዳ ያስጨነቀውም፥ ሌሊቱን ሙሉ ዓይኑን ሳይከድን ያደረውም ሰው መልሱ ይኸው ነው። ስለዚህም ዋሸ የሚለው የለም፤ የተናገረው ምስጋና ነውና ጠያቂውም እንደ ማስረጃ አይቈጥረውም። እንግዲህ ለዚሁ ሰው ሐኪም ጥያቄዎች የተጻፉበት ወረቀት ሰጥቶ «እንቅልፍህ ተበላሽቷልን? እጅህ ይንቀጠቀጣልን? በጥቂቱ ነገር ትደነግጣለህን? አዎን ወይም አይደለም ብለህ መልስ» ቢለው፥ የሚጽፈው የትኛውን ነው? ምስጋናውን ነውን ወይስ ሕመሙን? ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ሰው ስለ ገዛ ነፍሱ የሚሰጠው ምስክርነት ምን ያህል ሊታመን እንደሚገባው የሚጠይቅ ትልቅ ጉዳይ ነው።

የሥጋ ሕመም ብዙ ምስክሮች አሉት። ትኩሳትን መለኪያው ይናገራል፤ የተሰበረን አጥንት ዓይን ያየዋል። ሐኪሞች ብዙ ዘመን ኔውሮሲስ እያሉ የጠሩት ሕመም ግን እንዲህ አይደለም። በዚህ ሕመም የተያዘ ሰው አእምሮውን አልሳተም፤ ወዳጁንና ጠላቱን ይለያል፤ ሥራውንም ይሠራ ይሆናል። ነገር ግን ምክንያቱን የማያውቀው ፍርሃት ያሳድደዋል፤ ልቡ ያለ ሩጫ ይመታል፤ ነገ የሚመጣውን እያሰበ ዛሬን ያጣል። በ1980 ዓ.ም. የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መዝገብ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ኔውሮሲስ የሚለውን የወል ስም ትቶ ሕመሞቹን በየራሳቸው ስም ከፋፈላቸው፤ ጭንቀቱ ግን ስሙ ስለ ተለወጠ አልቀረም። ለዚህ ሕመም ዋናው ምስክር ሕመምተኛው ራሱ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ምስክሩን በሥርዓት የሚጠይቁበትን መንገድ ይፈልጉ ጀመር።

መንገዱን ያስገደደው ጦርነት ነበረ። በ1914 ታላቁ ጦርነት ከተነሣ በኋላ በምሽግ ከነበሩት ወታደሮች ብዙዎቹ ሰውነታቸው ሳይቈስል ተንቀጠቀጡ፤ አንደበታቸው ተያዘ፤ የሆነባቸውንም ረሱ። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ማየርስ በ1915 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ስለ እንደዚህ ያሉት ሰዎች ጻፈ፤ ሕመሙም «የመድፍ ድንጋጤ» ተባለ። አሜሪካ በ1917 ወደ ጦርነቱ በገባች ጊዜ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ሮበርት ዉድወርዝ ለዚህ ሕመም የቀረቡትን ሰዎች ገና ወደ ጦር ሜዳ ሳይሄዱ ለመለየት 116 ጥያቄዎች ያሉበት ወረቀት አዘጋጀ። ጥያቄዎቹን የሰበሰበው ቀድሞ ከታመሙት ሰዎች ታሪክ ነው፤ መልሳቸውም አዎን ወይም አይደለም ብቻ ነው። ከጤነኞች መካከል ከአራት አንዱ ወይም ከዚያ የሚበልጡት እንደ ሕመምተኛ የሚመልሱበትን ጥያቄም አወጣው፤ የብዙ ሰው ጠባይ የሆነውን ነገር ሕመም ማለት አይገባምና። ወረቀቱ በሠራዊቱ በሰፊው ሳይሠራበት ጦርነቱ በ1918 አለቀ፤ ነገር ግን ከእርሱ በኋላ ለወጡት መጠይቆች ሁሉ አባት ሆነ።

እንግዲህ ይህን ምስክር በዳኛ ፊት እንደ ቆመ ምስክር እንመርምረው። ምስክርነቱ እንዲታመን ሦስት ነገር ያስፈልጋል፤ ይኸውም ምስክሩ ነገሩን ማወቁ፥ ጥያቄውን ማስተዋሉ፥ ከፍርሃትና ከጥቅም ነጻ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ፥ ሰው የራሱን ጭንቀት ያውቃልን? በጢስ ቤት ያደገ ሰው ጢሱ አይሸተውም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ በስጋት የኖረ ሰውም ስጋትን የኑሮ ጠባይ አድርጎ ይቈጥረዋል። «ከወትሮው ይልቅ ትጨነቃለህን?» ቢሉት ወትሮውም ጭንቀት ነውና «አይደለም» ይላል። ይህ ሰው ሐሰተኛ አይደለም፤ የሚያመዛዝንበት ሌላ ኑሮ አላየም። ሆኖም ጥያቄው «ልብህ ይመታልን? ምግብ ያምርሃልን? ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» ወደሚለው ቢወርድ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ጥሩ ጥያቄ የሚባለው ሰው ስለ ራሱ የሚፈርደውን ሳይሆን ያየውን እንዲናገር የሚያደርገው ነው።

ሁለተኛው የማስተዋል ነገር ነው፤ በዚህም የእኛ አገር ይነካል። የዓለም የጤና ድርጅት ያሰናዳው ሃያ ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ በ1980 በታተመ ጥናት በኮሎምቢያ፥ በህንድ፥ በፊሊፒንስና በሱዳን ተፈተነ፤ በኋላም ወደ አማርኛ ተመልሶ በኢትዮጵያ ተሠራበት። ከጥያቄዎቹ አንዱ ሰው ራሱን እንደማይረባ ፍጡር ይቈጥር እንደ ሆነ የሚጠይቅ ነው። ይህን ለአንድ ጸሐፊ ደብተራ እናቅርብለት። የጻፈውን መጽሐፍ በፈጸመ ጊዜ ስሙን ሲያኖር «ኃጥእ ወአባሲ» ብሎ መጻፍን ከመምህሩ የተማረ ነው። አዎን የማይረባ ነኝ ቢል ትሕትናው ነውን ወይስ ሕመሙ? ወረቀቱ ሁለቱን አይለይም፤ አንድ ነጥብ ብሎ ይቈጥራል። እንደዚሁም የእኛ ቋንቋ ኀዘኑን በሆድ፥ ፍርሃቱን በልብ ያኖራል። «ሆዴ ባባ» የሚለውን ሰው የሆድ ሕመም እንዳለበት አድርጎ የሚጽፍ ተርጓሚ ቃሉን አገኘ፥ ነገሩን ግን ጣለ።

ይህ በግምት ብቻ የተነገረ አይደለም። ኮርትማንና ቴን ሆርን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1988 ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያ ይህን መጠይቅ የመለሱትን ሰዎች ምን እንደ ተረዱና ስለ ምን እንዲህ እንደ መለሱ መረመሩ፤ አዎንና አይደለም የሚሉት ቃላትም ጠያቂው ያሰበውን ሁልጊዜ እንደማይገልጹ አሳዩ። በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ይህንኑ የሃያ ጥያቄ ወረቀትና በስኮትላንድ ተሰናድቶ በ1987 የወጣውን፥ ለወለዱ እናቶች የተሠራውን የኤዲንብራ መጠይቅ በኢትዮጵያውያት እናቶች ዘንድ አነጻጸረ፤ የሃያው ጥያቄ ወረቀት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የምንማረው ለአንዱ አገር ሚዛን የሆነው ለሌላው ሳይፈተን ሚዛን እንደማይሆን ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚከብደው የነጻነት ነገር ነው። የዉድወርዝን ወረቀት ሁለት ወጣቶች ተቀበሉ እንበል። አንዱ ጦርነቱን ስለ ፈራ ሳይታመም ሁሉን «አዎን» አለ፤ ሁለተኛው ሌሊት ሌሊት እየባነነ ሳለ ጓደኞቹ ፈሪ እንዳይሉት ሁሉን «አይደለም» አለ። ወረቀቱ ጤነኛውን ወደ ቤቱ፥ ሕመምተኛውን ወደ ምሽግ ይሰዳል። በ1943 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ሐታዌይና ማኪንሊ ባወጡት ከ500 በላይ ቃል ባለው መጠይቅ ለዚህ መድኃኒት ይሆን ዘንድ 15 ቃላት አገቡ። እኒህም ሰው ሁሉ የሚሠራቸውን ጥቃቅን ጥፋቶች የሚያነሡ ናቸው፤ እኒህን ሁሉ ክጃለሁ የሚል ሰው ራሱን ከእውነቱ ይልቅ አሳምሮ ሳያቀርብ አልቀረም ተብሎ ይጠረጠራል። ብልሃቱ የሚደነቅ ነው። ነገር ግን ወጥመዱ መሸሸጉን ይይዛል እንጂ የሸሸገበትን ምክንያት አይናገርም፤ ያፈረውንና ያታለለውን አንድ አድርጎ ይቈጥራቸዋል።

ስለ ኀፍረት ስናገር የሌላውን ብቻ አልናገርም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ወንድሜ ካረፈ በኋላ ልቤ ሌሊት እየመታ ያስነሣኝ ነበርና ወደ አንድ ሐኪም ቤት ሄድሁ። እንደዚህ ያለ ወረቀት ሰጡኝ። እንቅልፍህ ተበላሽቷልን ለሚለው «አዎን» ብዬ ጻፍሁ። ቀና ብል ወረቀቱን የሚሰበስበው የሰፈሬ ልጅ ነው፤ አባቱንም አውቀዋለሁ። ወዲያው ሰረዝሁና «አይደለም» ብዬ ጻፍሁ፤ የቀሩትንም እንዲሁ አደረግሁ። ቢቈጠር ከሁለት በቀር አዎን የሚል አልነበረበትም፤ እንደ ቍጥሩ ጤነኛ ነበርሁ። ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ሴት ነበረች። ወረቀቱን አይታ ድምሩን አላነበበችም፤ በሩን ዘጋችና ጣቷን ስርዙ ላይ አድርጋ «አባቴ፥ ይህን ለምን ሰረዙት?» አለችኝ። መልስ አጣሁ፤ ከዚያም ሁሉን ነገርኋት። ስወጣ ወረቀቱን በከንቱ እንዳስሞላችኝ ብነግራት «ይህ ባይኖር ኖሮ ስርዙንም አላየውም ነበር» አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ መጠይቅን ጨርሰው ከሚንቁት ጋር አልስማማም። እኒያ ሰዎች የሰው ነፍስ በነጥብ አትቈጠርም ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ሐኪሙ ጥቂት፥ ሕመምተኛው ብዙ በሆነበት አገር ከወረቀቱ ሌላ ማን ይጠይቃል? በቡታጅራ በዚሁ የሃያ ጥያቄ ወረቀት ከ10 ሺህ የሚበልጡ አዋቂዎች ተጠይቀው ውጤቱ በ1999 ታተመ። ከእኒህ ሰዎች ብዙዎቹ ስለ እንቅልፋቸውና ስለ ፍርሃታቸው የሚጠይቃቸው ሰው ከዚያ ቀን በፊት አግኝተው አያውቁ ይሆናል። ባላገር ሴት ራሷን ሲያማት ወደ ጸበልም፥ ወደ ሐኪምም ትሄዳለች፤ ስለ ጭንቀቷ ግን ካልጠየቋት አትናገርም፤ ሆድ ይፍጀው ትላለች እንጂ። ጥያቄ መስማቷ ብቻ ይህ ነገር የሚነገር ነገር መሆኑን ያስታውቃታል።

ስሕተቱ እንግዲህ ከወረቀቱ ሳይሆን ወረቀቱን ዳኛ ከማድረግ ነው። መጠይቅ በር ነው፤ በሩን የሚያንኳኳ እንጂ ቤቱን የሚያውቅ አይደለም። በድምሩ ብቻ ሰውን በሽተኛ ብሎ የሚፈርጅ፥ ከሥራውም የሚያስወግድ፥ ወይም በድምሩ ብቻ ደኅና ነህ ብሎ የሚያሰናብት ሰው አንድ ምስክር ሰምቶ ሳይመረምር እንደ ፈረደ ዳኛ ነው። መልሱ ወዴት እንደሚሄድ፥ ማን እንደሚያነበውም ሳይነግር የሚጠይቅ ደግሞ እውነትን ሊጠብቅ አይገባውም፤ እውነት የሚነገረው ምሥጢር በሚጠበቅበት ስፍራ ነውና። የንስሓ አባቶች ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል።

በሌላውም ወገን መልስ ሰጪው ዕዳ አለበት። በመንገድ ላይ «ደኅና ነኝ» ማለት ምስጋና ነው፤ በሐኪም ፊት ግን ለሕመሙ ዘበኛ ማቆም ነው። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ ቍስሉን ብቻ አላሰቡም ይሆናል። ደኅና ነኝ በማለት ራሳችንን ጠንካራ ያደረግን ይመስለናል፤ ነገር ግን ሸክሙ አልቀለለም፤ የሚያግዘን ብቻ ቀረ።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሰው ለገዛ ነፍሱ ምስክር ሊሆን ይችላልን? ይችላል፤ ነገር ግን ብቻውን አይደለም። የሚያውቀውን የሚጠይቀው፥ በቋንቋው የሚጠይቀው፥ ስርዙንም አይቶ ለምን እንደ ሆነ ታግሦ የሚሰማው ሌላ ሰው ያስፈልገዋል። አንባቢ ሆይ፥ ነገ ወዳጅህን «እንደምን አደርህ?» ባልኸው ጊዜ «ደኅና» ቢልህ ምስጋናውን ተቀበል፤ ፊቱ ሌላ ነገር ቢነግርህ ግን አትለፈው፤ ከመንገድ ፈቀቅ አድርገህ ሁለተኛ ጠይቀው።