«ሳይረሳኝ አልቀረም»

አዳማ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አካባቢ፣ ረፋዱ ላይ ጥላ ፈልገው የሚቀመጡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ዕድሜያቸውን የፈጁት በምድር ባቡር ሥራ ነው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኘኋቸውና «እንዴት ሰነበቱ ጋሼ?» ብላቸው፣ «ሰውስ ረስቶኛል፤ እሱም ሳይረሳኝ አልቀረም» አሉኝ፣ በከዘራቸው ወደ ሰማይ እያመለከቱ። ሣቅ ብለው ነው ያሉት። ፊታቸው ላይ ግን ቀልድ አልነበረም።

እኔም እንደ ወጉ «ኧረ እግዜር ማንንም አይረሳም!» ብዬ አለፍኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው አፈርኩ። ቸኩዬ ስለነበር ለአፌ ያህል ነው የተናገርኩት።

መቼም ባቡር የቆረቆረውን ከተማ ባቡር ሲተወው ማየት ከባድ ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሞጆን፣ አዳማን፣ መተሐራንና አዋሽን ለከተማነት ያበቃቸው እሱ ነው። ታኅሣሥ ሲመጣ የቁልቢ ገብርኤል ተሳላሚ ፉርጎውን ጢም አድርጎ ሲያልፍ ያዩ፣ ዛሬም ያወሩታል። ያ ባቡር ቆመ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ደግሞ ጣቢያውን ከከተማው ወጣ ብሎ ሠራ። ሽማግሌው የቀሩት ከአሮጌው ጋር ነው።

የከተማውም ስም ነገር አለው። ናዝሬት ያሉት አፄ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፤ በ1992 ዓ.ም. ወደ ቀድሞ ስሙ፣ ወደ አዳማ ተመለሰ። የገሊላዋ ናዝሬት በብሉይ ኪዳን አንድ ጊዜ እንኳ ስሟ አልተነሣም። ናትናኤልም ስሟን ሲሰማ ከዚያ ምን ደህና ነገር ይወጣል ብሎ ነበር የጠየቀው። ጌታ ያደገው ማንም ከቁም ነገር ባልቈጠራት መንደር ነው።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፎ መቂን ያለፈ ሰው ዝዋይ፣ የዛሬዋ ባቱ፣ ይደርሳል። ሐይቁ ላይ ደሴቶች አሉ፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፣ ደብረ ጽዮን። በዮዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም መጥታ እዚያ ተሸሽጋ ነበር ይላል ትውፊቱ። በግራኝ ጦርነት ጊዜም ሸሽተው የገቡ ክርስቲያኖች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የደሴቶቹ ሰዎች፣ ዛዮች፣ ከደጋው ቤተ ክርስቲያን ተቈርጠው ሦስት መቶ ዓመት ያህል ኖሩ። ዓሣ እያጠመዱ፣ ሸማ እየሠሩ፣ ከዳር ካሉት ኦሮሞዎች ጋር እየተገበያዩ፣ የብራና መጻሕፍታቸውን ጠብቀው ቈዩ። እንደገና የተገናኙት የምኒልክ ጦር በ1870ዎቹ መጨረሻ አርሲን ሲይዝ ነው።

ይህን ታሪክ የሚያነሡ ሰባኪዎች «አያችሁ፣ እግዚአብሔር አልረሳቸውም» ብለው ይደመድማሉ። እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። በሁለተኛው መቶ ዓመት መካከል ተወልዶ እዚያው የሞተው ሰውስ? እሱ የምኒልክን ጦር አላየም። ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ የመጣ እርዳታ ለእሱ ምኑ ነው? የእግዚአብሔር ማስታወስ መታደግ ብቻ ከሆነ፣ ያ ሰው ተረስቷል ማለት ነው።

ዮሴፍን አስቡት። የጠጅ አሳላፊው አለቃ ከወኅኒ ሲወጣ ዮሴፍን ረሳው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ። መጽሐፉ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ዮሴፍ ገና እስር ቤት እንደገባ፣ እግዚአብሔር ከእሱ ጋር እንደነበረ ይናገራል። በሩ አልተከፈተም፤ ሆኖም ብቻውን አልነበረም። ያ የደሴት ሰውም ማታ ማታ የሚያስቀድሰውን ቄስ ድምፅ፣ የጎረቤቱን ታንኳ፣ የሚካፈለውን ዓሣ አስቦ ተኝቶ ይሆናል። ይህ ይበቃል ወይ? ስልኩ የሚጮህለት፣ ልጆቹ አጠገቡ ያሉ እንደ እኔ ያለ ሰው «ይበቃል» ለማለት አፉ መድፈሩ ራሱ ነውር ይመስለኛል። በቃኝ ማለት የሚችለው የተረሳው ሰው ብቻ ነው።

የኢሳይያስ 49ኛ ምዕራፍ ላይ ጽዮን ራሷ ተረስቻለሁ ብላ ስታማርር አልተቈጣትም። የጡት ልጅዋን ስለማትረሳ እናት ነገራት እንጂ። ስለዚህ የሽማግሌው ቀልድ ክህደት አይደለም። ኤልያስም ክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ሞቱን ሲለምን መልአኩ ስብከት አልጀመረለትም፤ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፤ በልቶ ተኛ፤ ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ግን በንግግሩ ጀመርኩ፤ እሱንም በቆምኩበት።

በሚቀጥለው እሑድ ትኩስ አምባሻ ይዤ ሄድኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ እግዜር ምንም አላነሣሁም። «ጋሼ፣ የቁልቢ ጊዜ ባቡሩ እንዴት ነበር?» አልኳቸው። አምባሻውን ቈረሱ፤ አማተቡ፤ ጀመሩ። ፉርጎው፣ ሕዝቡ፣ ስለት ይዛ ስትጓዝ ምጥ የያዛት ሴት... አዋሽ ጣቢያ ስንደርስ ፀሐዩ ገፋን። ከዘራቸውን አነሡና «የቀረውን ሐሙስ ና» አሉኝ፣ «ገና ድሬዳዋ አልደረስንም»።