ሳታመካኝ ብላኝ

ጅብ ከወንዙ ላይ፣ አህያ ከወንዙ ታች ሆነው ውሃ ይጠጡ ነበር አሉ። ጅቡ «ምነው ውሃውን አደፈረስሽብኝ?» ቢላት፣ አህያዪቱ «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው። ተረቱን ስንሰማ ሁላችንም ለአህያዪቱ እናዝናለን። እኛ የጉለሌ ሰዎች ግን ሰፈራችን ከወንዙ ላይ ነው።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ለልጄ ቀሚስ ልገዛ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። የሸማኔው ጥጥ ከኪሴ በለጠና ሸማ መሳዩን ፖሊስተር ገዛሁ። ይህ ጨርቅ በታጠበ ቁጥር ዐይን የማያየው ክር በሺሕ እየተነቀለ ከእጣቢው ጋር ይወርዳል። እጣቢው ከደጃችን ቦይ ወደ ቀጨኔ ወንዝ፣ ከዚያም ወደ አቃቂ ይገባል፤ ጎመንና ቆስጣ አጠጥቶ አባ ሳሙኤል ግድብ ይደርሳል፤ የተረፈውን አዋሽ ይወስደዋል። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፤ በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። የሰደድነው ሁሉ እዚሁ ይቀራል ማለት ነው።

ከ5 ሚሊ ሜትር ያነሰውን የፕላስቲክ ፍርፋሪ ሊቃውንቱ ማይክሮፕላስቲክ ይሉታል። ነገሩ ፍርፋሪው ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ሲሠራ ከተጨመረበት ማለስለሻና ማቅለሚያ ሌላ፣ በውሃ ውስጥ በቀላሉ የማይሟሟ መርዝ ይጣበቅበታል። በ1993 ዓ.ም. የጃፓን ተመራማሪዎች በባሕር ውስጥ ያለ የፕላስቲክ እንክብል፣ ከዲዲቲ የሚገኝን መርዝ በዙሪያው ካለው ውሃ እስከ 1 ሚሊዮን እጥፍ እንደሚያከማች አስታወቁ። በዚህ ጭነት በኩል ወደ ሰው የሚገባው መርዝ ምን ያህል እንደሆነ ግን ሊቃውንቱን ገና ያከራክራል።

ፕላስቲኩ አፍ ቢኖረው «እኔ ተሸካሚ ነኝ፤ መርዙ የሌላ ነው» ባለ ነበር። እኛስ የምንለው ከዚህ ይለያል? ፋብሪካው «ፍሳሼ ጥቂት ነው» ይላል፤ እኔ ደግሞ «አንድ ገበታ እጣቢ ምን ያደርጋል?» እላለሁ። በደል ለሚሊዮን ሰው ሲካፈል የእያንዳንዱ ድርሻ ከዚያ ክር ይቀጥናል። ወንዙ ታች ላለው ሰው የሚደርሰው ግን ድርሻችን አይደለም፤ ድምራችን ነው።

ሕግ አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሳሳውን ፌስታል ገደበ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ምክር ቤቱ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ። ሕግ የሚታየውን ፌስታል ይይዛል፤ ከገበታዬ የሚያመልጠውን ክር ማን ይይዘዋል?

ድህነቴ ምክንያት መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ምክንያት ያለው ሰው ጥፋቱን «የእኔ ነው» ይላል፤ የሚያመካኝ ግን ሌላውን ይከሳል። ባለፈው ቅዳሜ ጉልት ወርጄ ጎመኑን እያገላበጥሁ ሻጯን «ይኼ የአቃቂ ውሃ የጠጣ አይደለም?» አልኋት። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝና ዝም አለች።

እቤቴ ስደርስ ተረቱ ትዝ አለኝ። ከላይ ሆኜ ያደፈረስሁትን ውሃ፣ ታች ያለውን ገበሬ ከስሼበት ነበር የመጣሁት።